ጫፉ የተሸረፈ የመስታወት ክላርኔት ማውዝፒስ፦ የአንድ ጥገና የጉዳይ ጥናት

ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከቤቴ ምድር ቤት ወዳለችው የጥገና ክፍሌ አንድ አዛውንት የክላርኔት ተጫዋች መጡ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በአንድ ወታደራዊ ባንድ ውስጥ የነፉ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው በየሳምንቱ ከጓደኞቻቸው ጋር እየተሰባሰቡ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ከኮት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ካኖሩ በኋላ ወንበር እንኳ ሳይስቡ ቆመው ጠበቁኝ። መሐረቡን ስፈታው ከ30 ዓመት በፊት ሮም ውስጥ የገዙትን የመስታወት ማውዝፒስ፣ ማለትም አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋበትን የክላርኔት ክፍል አገኘሁ፤ ጫፉ በግራ በኩል ተሸርፎ ነበር።

«ምን ነካው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ክዳኑን ስጭንበት ነው ልጄ። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሽራፊውን መሬት ለመሬት ብፈልግ አጣሁት። ሱፐር ግሉም ጠብ አድርጌበታለሁ፤ ለእሱ እንዳትቆጣኝ።»

አልተቆጣሁም፤ እንዲህ ያለ ጉዳት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው። የብረት ክዳን ትንሽ ዘመም ብሎ ከገባ የውስጥ ግድግዳው በቀጥታ የማውዝፒሱን ጫፍ ይመታል። ማውዝፒሱ ኢቦናይት ከሚባለው ጠንካራ ጎማ የተሠራ ቢሆን አንዲት ጭረት ይዞ ያልፋል። መስታወት ግን ስለማይለመጥ ምቱን በሙሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ይቀበልና የዛጎል ስባሪ የሚመስል ስንጣሪ ይጥላል።

ጥገናው ምን ላይ እንደቆመ ግልጽ እንዲሆን ስለ ዕቃው አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የክላርኔት ማውዝፒስ 89 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። በአንድ ወገኑ ጠፍጣፋ መደብ አለው፤ ሪዱ፣ ማለትም ከሸንበቆ የሚሠራው ስስ ምላስ፣ እዚያ ላይ ተኝቶ ሊጋቸር በሚባል ማሰሪያ ይታሰራል። ከመደቡ በላይ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የጎን ጠርዞች ወደ ላይ ሄደው 1 ሚሊሜትር ገደማ በሚሰፋው የጫፍ ጠርዝ ይገናኛሉ። ጠርዞቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ከመደቡ ተነስተው ከሪዱ ቀስ በቀስ እየራቁ ይጠመዛሉ፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱም በሪዱና በጠርዙ መካከል ከ1 ሚሊሜትር ብዙም የማያልፍ ክፍተት ይተዋሉ። ሲነፋበት ሪዱ በዚህ ጥምዝ ላይ እየተንከባለለ ይዘጋል፣ ተመልሶም ይከፈታል፤ ድምፁ የሚወለደው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሪዱ በሚያርፍባት መስመር ላይ ያለች ሽራፊ የአንበጣ ዓይን ብታክል እንኳ አየር ታሾልካለች፣ ድምፁን ሲጥ ታሰኛለች። ከመስመሯ ውጭ ያለች ሽራፊ ግን ለዓይን የቱንም ያህል ብታስጠላ ለጆሮ አትታወቅም። ደንበኞች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ሽራፊው ስንት እንደሚያክል ነው፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ግን የት ላይ እንዳለ ነው።

አብዛኞቹ ማውዝፒሶች የሚሠሩት ከኢቦናይት፣ ማለትም ከሰልፈር ጋር ተቀላቅሎ በሙቀት ከጠነከረ ጎማ ነው። ኢቦናይትን ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ ሙቅ ውሃ ያጣምመዋል። መስታወት ሁለቱንም አያውቅም፤ ካልተሰበረ በቀር ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኘው ጥምዝ በተሠራበት ቀን የነበረው ጥምዝ ነው። በጣሊያን ፖማሪኮ የተባለው ድርጅት፣ በአሜሪካ ደግሞ በኢንዲያናፖሊስ ይሠራ የነበረው ሃሪ ኦብራያን በዚህ ዓይነት ማውዝፒስ ይታወቃሉ። የመስታወት ድምፅ «የጠራ ነው» የሚሉ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ ድምፁን የሚወስኑት ጥምዙ፣ ከሪዱ ትይዩ ያለው የውስጥ ጣሪያውና የውስጡ ቅርጽ ናቸው እንጂ ቁሱ አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ለጋሼ መንገር ግን አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

ምርመራውን የጀመርኩት ሱፐር ግሉውን በአሴቶን በማንሳት ነው። አሴቶን መስታወትን አይነካም፤ በጥጥ እንጨት እየነካካሁ ሙጫው እስኪላቀቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። ከዚያ አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ስመለከት ሽራፊው አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ጋሼ ያዩት ነው፦ በጫፉ ጠርዝ ግራ ማዕዘን ላይ 1.6 ሚሊሜትር የሚረዝምና ወደ ውስጥ 0.4 ሚሊሜትር የሚገባ። ሁለተኛውን ግን ሳያዩት ኖረዋል፦ ከጫፉ 6 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ የግራውን የጎን ጠርዝ ስፋት ከመስኮቱ ወገን ግማሽ ያህል የበላ፣ ጠርዞቹ ከመለስለሳቸው የተነሳ አሮጌ መሆኑ የሚያስታውቅ ሽራፊ ነው። ይህንኛው ምናልባት ከዓመታት በፊት በመጥረጊያው ገመድ ጫፍ ላይ በታሰረው ክብደት ተመትቶ ይሆናል። ከሁለቱም የሚነሳ ስንጥቅ አለመኖሩን በጎን ብርሃን እያዞርኩ አረጋገጥሁ፤ ስንጥቅ ቢኖር ኖሮ ሥራውን እዚያው አቆመው ነበር።

ቀጥሎ መልስ የፈለግሁለት ጥያቄ መስታወቱ እርሳስ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ይህ ዕቃ በገበያ «ክሪስታል» ይባላል፤ በአውሮፓ ደንብ «የእርሳስ ክሪስታል» ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል፣ በሙዚቃ ዕቃ ገበያ ግን ቃሉ እንዲሁ በልማድ የሚነገር ነው። አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ከመሞረዴ በፊት ማወቅ ፈለግሁ። በማውዝፒሱ ታችኛው ጫፍ ዙሪያ ያለውን አሮጌ ቡሽ ለማንኛውም ልለውጠው ስለነበር አነሳሁትና ማውዝፒሱን መጀመሪያ በአየር፣ ቀጥሎ በክር አንጠልጥዬ ውሃ ውስጥ መዘንኩት። በአየር 62.4 ግራም፣ በውሃ ውስጥ 37.2 ግራም ሆነ። ልዩነቱ 25.2 ስለሆነ የመስታወቱ እፍጋት 2.48 ግራም በኩቢክ ሴንቲሜትር ነው። የእርሳስ ክሪስታል ወደ 3 ይጠጋል፤ ይህ ግን ከተራ የመስኮት መስታወት ጋር ይቀራረባል። እፎይ አልኩ።

ጥምዙን የምለካው በሙያው በሰፊው በተለመደውና በኤልክሃርት፣ ኢንዲያና ይሠራ በነበረው በኤሪክ ብራንድ ስም በሚጠራው ዘዴ ነው። በግማሽ ሚሊሜትር የተከፋፈለ የመስታወት ማስመሪያ በሪዱ ቦታ ይቀመጣል፤ ከዚያ የጋራዥ ሰዎች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩባቸውን የሚመስሉ ስስ የብረት ቅጠሎች ከጫፉ ወገን በስሱ ይገባሉ፣ የቆሙበት መስመርም ይነበባል። በአራት ቅጠሎች፣ በ0.0015፣ በ0.010፣ በ0.024 እና በ0.034 ኢንች፣ የቀኙ ጠርዝ 35፣ 22፣ 10 እና 4 አነበበ። የግራው ጠርዝ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅጠሎች ከቀኙ ጋር እኩል ሆነ፤ አራተኛው ላይ ግን ቅጠሉ ሽራፊው ውስጥ እየሰመጠ ንባቡ አልጸና አለ። የጫፍ ክፍተቱ ደህና በሆነው ወገን 1.05 ሚሊሜትር ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ግራና ቀኙ እንዲህ እኩል ሆኖ የሚገኝ ማውዝፒስ በእጄ እምብዛም አይገባም፤ መልሶ መጠገኑ የሚያዋጣ መሆኑን የወሰንኩት ያኔ ነው።

በመጨረሻ የአየር ፈተናውን አደረግሁ። ሪዱን አስሮ የታችኛውን ቀዳዳ በመዳፍ ደፍኖ በጫፉ በኩል አየሩን መምጠጥና ከአፍ ማውጣት ነው፤ ደህና ማውዝፒስ ከሆነ ሪዱ በባዶው ኃይል ተጣብቆ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆይና ጧ ብሎ ይለቃል። የጋሼ ማውዝፒስ አንድ ሰከንድ እንኳ አልያዘም።

ከመንገዶቹ አንዱን ወዲያው ጣልኩት። አንድ ወዳጄ ጫፉን በጋዝ እሳት አቅልጦ ማለስለስ እንደሚቻል ነግሮኝ ነበር። እውነት ነው፣ የመስታወት ሠራተኞች የተሳለ ጠርዝን እንደዚያ ያለሰልሳሉ፤ ነገር ግን እነሱ ዕቃውን በምድጃ ውስጥ ቀስ ብለው አሙቀው ቀስ ብለው ያቀዘቅዛሉ። ጫፉ ስስ፣ ግንዱ ወፍራም የሆነን ቀዝቃዛ ማውዝፒስ በድንገት ነበልባል ላይ መያዝ ሙሉውን ለመሰንጠቅ ነው፤ ባይሰነጠቅ እንኳ የለሰለሰው ጫፍ በመቶኛ ሚሊሜትር የተለካውን ጥምዝ ይዞት ይሄዳል። የቀሩት መሙላትና መሞረድ ነበሩ። መሙላት መልኩን ይመልሳል፣ ከዕቃውም ምንም አይቀንስም። መሞረድ ደግሞ ማውዝፒሱን ያሳጥራል፣ ያሳጠረውም አይመለስም። ሁለቱን ሳስረዳቸው ጋሼ ፊታቸውን አጠቆሩ፦ «ከቻልክ አትቁረጥብኝ» አሉ።

እሺ ብዬ ሞላሁት። የተጠቀምኩበት በመኪና የፊት መስታወት ላይ ያለን ሽራፊ ለመሙላት የሚያገለግለው፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክረው ሬዚን ነው። ከመስታወቱ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን ብርሃንን ስለሚሰብር፣ ሽራፊውን ሲሞላ ቦታው ከዓይን ይጠፋል። ሬዚኑን በመርፌ ጫፍ ጠብ አድርጌ፣ በቀጭን ፕላስቲክ ተጭኜ፣ በብርሃን አጠንክሬ፣ የተረፈውን በምላጭ ፋቅሁት። ሌንስ ይዤ ሽራፊው የት እንደነበረ ማግኘት አቃተኝ። የአየር ፈተናው ስምንት ሰከንድ ያዘ። ጋሼ እዚያው ቆመው ጥቂት ነፉበትና ግንባሬን ስመው ሄዱ።

በ16ኛው ቀን ተመለሱ። ሙላቱ ከጫፉ ወገን ተነስቶ ወድቋል፣ የቀረውም በጥፍር ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ስህተቱ የሬዚኑ አልነበረም፣ የእኔ ነው። የመኪና መስታወት ላይ ሬዚኑ ዙሪያውን በመስታወት በተከበበ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም አይመታውም። እዚህ ግን ከጎንም ከላይም ክፍት በሆነ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ካሬ ሚሊሜትር በማትሞላ ቦታ ብቻ ተጣብቆ፣ ዘወትር በምራቅ እየራሰ፣ ሪዱ ሲያጨበጭብበት ይውላል። ክላርኔት ላይ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበውን፣ ላ የተባለውን ድምፅ ያለማቋረጥ ለአንድ ሰዓት የነፋ ሰው ሪዱን 1,584,000 ጊዜ ከፍቶ ዘግቶታል፤ ጠንከር ብሎ ሲነፋ ደግሞ ሪዱ ጠርዙን ይመታል። ሽራፊው ከዓይኔ መጥፋቱ እኔኑ አታለለኝ፤ ከዓይን የጠፋው ከሪዱም የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ያኔ ጋሼ ራሳቸው «በል ቁረጠው» አሉ። መቁረጡ ምን እንደሚያስከፍላቸው ግን አስቀድሜ በወረቀት ላይ አስልቼ አሳየኋቸው። በዚህ ማውዝፒስ ጫፍ አካባቢ ጥምዙ በየ10 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር ገደማ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ከጫፉ የሚነሳ እያንዳንዱ 0.1 ሚሊሜትር ከክፍተቱ 0.01 ይወስዳል። 0.4 ሚሊሜትር ሲነሳ ክፍተቱ ከ1.05 ወደ 1.01 ይወርዳል። ክፍተቱ ሲጠብ ሪዱ ቶሎ ይዘጋል፣ እሳቸው የለመዱት የ2 ተኩል ሪድም (የሪድ ቁጥር ከፍ ሲል ሪዱ ይጠነክራል) ይለሰልስባቸዋል። ከርዝመቱ የሚቀነሰው ግን የክላርኔቱን ቃና ለጆሮ በሚታወቅ መጠን አያስወጣውም።

ሥራው ሁለት ከሰዓት በኋላዎችን ወሰደ፣ ተደማምሮ ሦስት ሰዓት ያህል። እኛ ብርጭቆ ወረቀት ብለን የምንጠራው ነገር ስሙን ያገኘው ቀድሞ በእርግጥ በተፈጨ ብርጭቆ ይሠራ ስለነበር ነው፤ ብርጭቆን ራሱን ለመፋቅ ግን ከእሱ የሚጠነክር ያስፈልጋል፣ እሱም ሲሊኮን ካርባይድ የተነሰነሰበት ጥቁሩ የውሃ ወረቀትና የአልማዝ ሞረድ ነው። መስታወት ደርቆ አይሞረድም፤ ውሃው ያቀዘቅዘዋል፣ ብናኙንም አስሮ ይይዘዋል። ጫፉን በስስ ሰም ደገፍኩት። ከዚያ ደቃቅ የአልማዝ ሞረድ ይዤ ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ፣ ማለትም ሁልጊዜ መስታወቱን ወደ ግንዱ እየገፋሁ ሞረድኩ፤ ወደ ውጭ የሚጎተት ሞረድ ጠርዙን ይዞ ወጥቶ አዲስ ሽራፊ ይፈጥራል። ሃያ ጊዜ ሞርጄ እቆማለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ በሌንስ አያለሁ፣ በካሊፐር እለካለሁ፣ ከዚያ እንደገና ሃያ። የጫፉ ቅስት ከሪዱ ጫፍ ቅስት ጋር እንዲገጥም በየመሃሉ ሪዱን አስተኝቼ በብርሃን ላይ አስተያያለሁ። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ከሽራፊው የቀረችው ነጭ ነጥብ የጨው ቅንጣት ታህል ነበር፤ ስድስት ጊዜ ቀስ አድርጌ ብነካት ጠፋች። እዚያ አቆምኩ። የተነሳው 0.4 ሚሊሜትር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮች ቀሩ። አንደኛው የጫፉ ጠርዝ ከ1 ሚሊሜትር ወደ 0.6 መጥበቡ ነው፤ ሪዱን ለመዝጋት ይበቃል ብዬ ተውኩት። ሁለተኛው ግን ቸል የሚባል አልነበረም። ማውዝፒሱ ከላይ እንደ ወፍ ምንቃር ስለሚያዘነብል ጫፉ ባጠረ ቁጥር አፋፉ ይወፍራል፣ ምላስም ወዲያው ያውቀዋል። ስለዚህ ከላይኛው ወገን፣ ጥምዙን ሳልነካ፣ አፋፉን በ1000 ቁጥር ቀጥሎም በ2000 ቁጥር የውሃ ወረቀት አሳሳሁት፣ መጨረሻ ላይም በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄትና በእርጥብ ቆዳ ወለወልኩት።

የጎኑ ሽራፊስ? እሱን አልሞረድኩትም። ከጠርዙ ግማሹን ቢበላም የቀረው ግማሽ ሚሊሜትር ምሉዕ ነው፤ ሪዱም እዚያ ላይ አየር እንደማያሾልክ የሲጋራ ወረቀት በሪዱና በጠርዙ መሃል እየጎተትኩ አረጋግጫለሁ። እሱን ለማጥፋት ሁለቱንም የጎን ጠርዞች ሙሉ በሙሉ ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ነበር፤ ያ ደግሞ 30 ዓመት እኩል ሆኖ የቆየውን ጥምዝ እንደ አዲስ መሥራት ማለት ነው። ጉድጓዱ ምራቅና ቆሻሻ እንዳይሰበስብ ብቻ በቀስታ በሚደርቅ ጥርት ያለ ኢፖክሲ ሞላሁት፤ እዚህ ላይ ሪዱ የሚያርፈው በቀረው መስታወት ላይ እንጂ በሙላቱ ላይ ስላልሆነ መሙላቱ የሚያዋጣ ነበር። በክፍል ሙቀት እስኪደርቅ ሳምንት ቆየሁ፣ አዲስ ቡሽም በዚያው ጊዜ አስገባሁለት።

የመጨረሻው ልኬት በሁለቱም ጠርዞች 34፣ 21፣ 9 እና 3 አነበበ፤ ማለትም ሁሉም አንዳንድ ቁጥር ወርደዋል፣ ግራና ቀኝ ግን እንደገና እኩል ናቸው። ክፍተቱ 1.01 ነው። የአየር ፈተናው ዘጠኝ ሰከንድ ያዘ። ክፍተቱን በሰፊ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ ወረቀት ፊቱን እየፋቅሁ ወደ 1.05 ልመልሰው እችል ነበር፤ ጋሼ ግን መጀመሪያ እንደዚሁ እንሞክረው አሉ።

በ2 ተኩል ሪድ ሲነፉ እንደፈራሁት ሆነ፤ ከፍ ባሉት ኖታዎች ላይ ድምፁ ቀጠነ፣ ጠንከር አድርገው ሲነፉም ታነቀባቸው። በ3 ቁጥር ሪድ ተካነውና የታችኛውን ዝቅተኛ ድምፅ ረዘም አድርገው ያዙት፣ ከዚያ በአምባሰል ቅኝት ወደ ላይ ወጡ፣ ተመልሰውም ወረዱ። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም አሉ።

«የድሮው አይደለም» አሉኝ በመጨረሻ።

«አይደለም ጋሼ። የድሮው ወለሉ ላይ ነው የቀረው።»

«ግን አይሾልክም። አትመልሰው፣ እንደዚሁ ይቆይ።»

በመጋቢት ለቡሽ ቅባት ሲመጡ ጫፉን በሌንስ አየሁት፤ አዲስ ሽራፊ የለም፣ ልኬቱም አልተነቃነቀም። የጎኑ ኢፖክሲ ሻይ የነካው ያህል ትንሽ ቢጫ ብሏል። የብረት ክዳኑን እኔ ጋ ትተውት ስለሄዱ መሳቢያዬ ውስጥ ብሎን ማስቀመጫ ሆኗል፤ እሳቸው አሁን የሚጠቀሙበት የፕላስቲክ ክዳን ነው፣ ከውስጡም ስስ ስፖንጅ ለጥፌበታለሁ። አራቱን ቁጥሮችና ክፍተቱን በትንሽ ካርቶን ላይ ጽፌ ክላርኔቱ ሳጥን ውስጥ ከተትኩላቸው፤ ጋሼ ከሥሩ በራሳቸው እጅ «ሪድ 3» ብለው ጨመሩበት።